ሽማግሌው የዘለሉት መስመር

ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ የነገረችኝ እትዬ ጥሩነሽ ናት። አሜሪካ፣ ቡፈርድ ሀይዌይ በሚባለው መንገድ ዳር፣ ቀይ ጡብ አፓርትመንት ውስጥ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጇ ከሰብለ ጋር ትኖር ነበር። እሷ የሰማችው ብሩክሄቨን የሚባል ሰፈር እየሄደች ከምትጦራቸው ሽማግሌ፣ ከሚስተር ማኑኤል ነው፤ እሳቸው ደግሞ ያገኙት ባሕር ማዶ አፈር ከሆኑ ቄሶች መዝገብ ነው። እንዲህ ከአፍ አፍ እየዞረ መጥቶ እኔ ጋ ደረሰ። እኔ ጋ የደረሰ ነገር ደግሞ ሳይወጣ እንደማያድር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አልክድም። የሁሉንም ስም ለውጬዋለሁ። እሱን እንኳ ተምሬያለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከሱዳን ከመጣን ሦስተኛ ዓመታችን። እናቴ ሆቴል ታጸዳለች፤ የማታ ሺፍት ስትገባ እኔን ለእትዬ ጥሩነሽ ትተወኛለች። እትዬ ጥሩነሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከባስ ትወርዳለች፤ ቤቷ ግን ወዲያው አትወጣም። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያው ግንብ አጠገብ፣ ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ የተሠራች የከሰል ምድጃ ነበረቻት። በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ ስለማይፈቀድ ነው እዚያ የምትደብቃት። ነጩን የሥራ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ትዘረጋለች፣ ከሜክሲኮዎቹ ሱቅ የገዛችውን በቆሎ ፍሙ ላይ ታገላብጣለች፣ የፓርኪንጉ መብራት ገና ሳይጨልም በርቶ እንደ ንብ ይጮሃል፣ ጭሱ ወደ እኛ ሲዞር እኔና ሰብለ እየተገፋፋን ቦታ እንቀያየራለን። እሷ ታዲያ ዓይኗን ጨፍና፣ የበቆሎውን መንጣጣት እየሰማች፣ «ዛሬ ሽማግሌው የት ደረሱ መሰላችሁ?» ትላለች።

«የት ደረሱ?» እንላለን አብረን። ካላልን አትጀምርም።

ሚስተር ማኑኤል ጡረታ የወጡ ግንበኛ ነበሩ። አያታቸው ከሚስትና ከልጃቸው ጋር አዞርስ ከሚባሉት የፖርቱጋል ደሴቶች በመርከብ መጥተው ነው አሜሪካ የቀሩት። ቤታቸው ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ የቆየ ወሬ ነበር፤ የአያትየው አባት የመርከብ አዛዥ ነበር የሚል። ሚስተር ማኑኤል ልባቸው ደክሟል፣ ደረጃ መውጣት አቁመዋል፤ ከመሞታቸው በፊት የዚያን አዛዥ ስም አግኝተው፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ዛፍ አድርገው የሣሉት የዘር ሐረግ ጫፍ ላይ ሊጽፉትና ለልጅ ልጆቻቸው ሊተዉላቸው ፈለጉ። ልጃቸው የደሴቲቱን ደብር መዝገብ ከኮምፒውተር ገጽ በገጽ እያተመች ትሰጣቸዋለች። እሷ ሥራ ስትሄድ እትዬ ጥሩነሽ ናት ወረቀቱን የምትይዝላቸው፣ በአንድ እጇ መድኃኒታቸውን፣ በሌላው ማጉያ መስታወቱን ይዛ። ጥሩነሽ ማለት ስላቃታቸው «ቲሩ» ነበር የሚሏት።

«ጽሑፉ ምን ይመስላል?» አልናት።

«ቀለም የረገጠ ጉንዳን የሄደበት።»

ቄሱ ሕፃን ሲያጠምቁ ቀኑን ይጽፋሉ፤ ከዚያ የልጁን ስም፣ አባትና እናቱን፣ አያቶቹን በሁለቱም ወገን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ክርስትና ያነሱትን። ፍለጋው የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፤ ልጅ አባቱን ያሳያል፣ አባት አያቱን፤ የተሰፋ ልብስ እንደሚተረትር ሰው ክር ይዘህ ትስባለህ። «የኛም እንዲህ ተጽፎ ቢሆን ስንቱ በተገላገለ» አለች አንድ ቀን እትዬ ጥሩነሽ፣ ለራሷ እንደምታወራ።

አንድ ምሽት የመጣችው ፊቷ ወድቆ ነው። የሽማግሌውን አባት የጥምቀት ገጽ አግኝተዋል። በእናት ወገን ያሉት አያቶች ስማቸው አለ። በአባት ወገን ያለው ቦታ ላይ ግን «ያልታወቁ» ይላል። ሚስተር ማኑኤል ወረቀቱን ገለበጡት። ከኮምፒውተር የወጣ ወረቀት ጀርባው ባዶ መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ግን ገለበጡት።

ከዚያ የአያታቸውን የራሱን ጥምቀት ለማግኘት ወራት ፈጀ። ሲገኝ እንዲህ ይላል፤ አንቶኒዮ፣ ጎህ ሲቀድ ከደብሩ ደጃፍ የተገኘ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ። የመርከብ አዛዥ የሚባል የለም። ሽማግሌው ሁለት ቀን ሾርባቸውን አልነኩም። ዛፉ ያለበትን ወረቀት ጠቅልለው ከሶፋው ኋላ አቆሙት።

«ጨረስን፣ ቲሩ» አሏት። «እኛ የማንም አይደለንም።»

«የምን መጨረስ ነው? ክርስትና ያነሳው ማን ነው?»

«እሱ ምን ይጠቅማል? ዛፉ ላይ ቦታ የለውም።»

«እንዴት የለውም? እኛ አገር የክርስትና ልጅና የወለዱት ልጅ አይጋቡም፤ እንደ ደም ነው። ያንብቡት እርስዎ፣ እኔ አልችልበት!»

እየዘለሉት የመጡት መስመር ነበር። መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡት፤ የክርስትና እናቱ ሮዛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ያላገባች፣ መጻፍ ስለማትችል በመስቀል ምልክት የፈረመች።

እኔ ሳቅሁ። «ወንድ ልጅ የክርስትና እናት አለው እንዴ?»

«እነሱ ዘንድ ሁለቱም አለ። ዝም ብለሽ ስሚ አንቺ ምላሳም» አለችኝ።

ከዚያ ሌላ መዝገብ ፈለጉ። በዐቢይ ጾም ቄሱ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ንስሐ እንደገባ የሚጽፉበት ነው፤ በየቤቱ ያለው ነፍስ ሁሉ በስም አለበት። ያ እስኪገኝ ክረምቱ አልፎ፣ የፓርኪንጉ ዛፎች አበባ አወጡ። እኛም ያንን ሁሉ ጊዜ ከምድጃዋ ዙሪያ አልጠፋንም፤ አንዳንዱን ቀን በቆሎ እንኳ አልነበረም፣ እጃችንን እየሞቅን ነበር የምንሰማው።

ያገኙት ዕለት እትዬ ጥሩነሽ አልቸኮለችም። ፍሙን አራገበች፣ በቆሎውን አዞረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «የሮዛ ቤት» አለች። «ሮዛ። ልጇ አንቶኒዮ፣ ሰባት ዓመት።»

«ልጇ?» አለች ሰብለ።

«ልጇ ይላል። ከደጃፍ ተገኘ ብለው የጻፉት ቄስ ራሳቸው ናቸው ልጇ ብለው የጻፉት። የእጅ ጽሑፋቸው ያው ነው አሉ ሽማግሌው። አዛዥ የሚባለውንም ሳታወራለት አትቀርም፤ አባትህ ማን ነው ሲሉት አንገቱን እንዳይደፋ። ሽማግሌው ታዲያ አለቀሱ። ‹ለምን እውነቱን አልነገረችውም፣ ቲሩ?› አሉኝ።»

«አንቺ ምን አልሻቸው?»

እትዬ ጥሩነሽ በቆሎውን አገላበጠች። ዓይኗ ፍሙ ላይ ነበር። የእኔ ዓይን ግን እሷ ላይ።

ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ እኔ ከዚያ በፊት ብዙ ነገር አይቼ ነበር። ከትምህርት ቤት ፎርም ሲመጣ የሰብለን የልደት ቀን ለመሙላት እናትየው ከሻንጣ ወረቀት አውጥታ ስታመሳክር አይቻለሁ። በዓመት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ዳቦ ወስዳ አልጋነሽ በምትባል ሴት ስም ስታስባርክ አይቻለሁ፤ ማን ናት ስላት «ጓደኛዬ ነበረች» ነው ያለችኝ። የቀረውን ደግሞ ላውንድሪ ቤት ከማድረቂያው ኋላ ተቀምጬ ሰማሁት። እናቴ አንሶላ እያጣጠፈች ለአንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ «እናቷ ካምፕ ውስጥ ሞታባት ነው፣ ጡት ሳትጥል። ጥሩነሽ ክርስትና ያነሳቻት ናት። የስደተኞች ኢንተርቪው ላይ ልጄ ናት ብላ አስመዘገበቻት፤ ባታስመዘግባት እዚያ ትቀር ነበር። አደራሽን እንዳትተነፍሺ፣ የስደት ኬዟን ያበላሹባታል» አለቻት። ይህን በሆዴ ይዤ ሁለት ወር ከርሜያለሁ። ለእኔ ሁለት ወር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

ሰብለ በቆሎዋን ገመጠች። «ታዲያ ሮዛ፣ ላይክ፣ ላየር ናታ፣ ውሸታም!» አለች። «ሳትወልደው እናትህ ነኝ ብላ? እኔ ብሆን በሕይወቴ ይቅር አልላትም።»

እትዬ ጥሩነሽ ቀና አለች። አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ልትናገር ነበር። ቀደምኳት።

«አንቺስ?» አልኩ። «አንቺም'ኮ የክርስትና ልጇ ነሽ እንጂ አልወለደችሽም።»

ለእትዬ ጥሩነሽ ተቆርቁሬ ይሁን፣ ከሰብለ በላይ አውቃለሁ ለማለት ይሁን፣ ይኸው እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። የያዝኩት ነገር ከብዶኝ ነበር።

ሰብለ ወደ እናቷ ዞራ፣ እንድትስቅ ጠበቀች። እናቷ አልሳቀችም። በቆሎውን በባዶ እጇ ልታዞር ብላ ጣቷን ፍሙ ለበለበው፤ አልጮኸችም። ያኔ ሰብለ የገመጠችውን በቆሎ እንዳይወድቅ ተጠንቅቃ ግንቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች።

እትዬ ጥሩነሽ ትመታኛለች ብዬ ነበር። ለእናቴም ትነግራለች ብዬ ነበር። ያለችኝ ግን ይህን ብቻ ነው፤

«ዓይንሽ አልዋሸሽም። ግን ክረምቱን ሙሉ ይህን ሁሉ የማወራው ለማን መሰለሽ? ዛሬ ልደርስ ነበር።»

ከዚያ ጆግ ሙሉ ውኃ ፍሙ ላይ ደፋችበት። እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነው። እንፋሎቱ ሲገለጥ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃው ላይ ነበረች።

ጣሪያችን የእነሱ ወለል ነው። አልጋዬ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ቀስሬ ሰማሁ። ልቅሶ የለም፣ ጩኸት የለም፤ የአንድ ሰው እግር ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ ዕለት ወዲህ ሰብለ ለሳምንታት እናቷን በእንግሊዝኛ ብቻ አናገረቻት። «የስ»፣ «ኖ»፣ «አይም ፋይን»። እማ የሚለውን ቃል ጨርሳ ተወችው። እኔን ደግሞ በባሱም በምሳ ቤቱም እንደ አየር ታልፈኛለች።

ቀጥሎ የሆነውን ያወራችልኝ እትዬ ጥሩነሽ ራሷ ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም እንደሷ ሰው መጦር ጀምሬ እግሬ ማበጥ ሲጀምር። አንድ ቅዳሜ፣ ነገሩን ሁሉ ለሽማግሌው አስቀድማ ነግራ፣ ሰብለን ይዛት ብሩክሄቨን ሄደች። ሽማግሌው ጠረጴዛቸውን ጠርገው የሮዛን መስመር በማጉያው አሳዩአት። «እናትሽ ማን ትባላለች?» አሏት።

«የቷ?» አለች ሰብለ።

«ሁለቱም።»

አንደኛዋን አታውቅም ነበር። እትዬ ጥሩነሽ፣ ያንን ስም ለልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራችላት፤ አልጋነሽ። መልኳን፣ ሳቋን፣ ስትታመም ያለችውን ነገረቻት። ሚስተር ማኑኤል ንጹሕ ወረቀት አውጥተው፣ ልክ እንደ ቄሶቹ ጻፉ፤ ሰብለ፤ የወለደቻት አልጋነሽ፣ በስደት ካምፕ የሞተች፤ ክርስትና ያነሳቻትና ያሳደገቻት ጥሩነሽ። ከዚያ እስኪሪብቶውን ለእትዬ ጥሩነሽ ሰጧት። «ፈርሚ፣ ቲሩ።»

ያዘችው። ወረቀቱ ላይ አላሳረፈችውም። ዜግነት ገና አላገኙም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከተገኘ ሁለታችንንም ይመልሱናል ብላ ሰግታለች። ሳትፈርም ብትቀር ልጅቷ ዳግመኛ ካደችኝ እንደምትል ታውቃለች። «እጄ ደረቀ» ነው ያለችኝ። «የካምፑ ፎርም ላይ ውሸቱን ስፈርም እንዲህ አልከበደኝም።»

ሰብለ እስኪሪብቶውን ከጣቶቿ መሃል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ተዪው፣ እማ» አለች።

ምድጃዋ ዳግመኛ አልነደደችም። እኛም አደግን፤ ሰብለ ኮሌጅ ገባች፣ እኔ ከአሥረኛ ክፍል አቁሜ ሥራ ያዝኩ። ሰው ሁሉ ወሬኛ ይለኛል፣ እውነታቸውን ነው። አሁን ግን አንድ ሰው ነገር ከሩቅ አዙሮ ሲያወራ ባየሁ ጊዜ፣ ወዴት እንደሚሄድ ቢገባኝም ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። አንዳንዱ አይደርስም። ያም ቢሆን የእኔ ጉዳይ አይደለም። ይህችን ትምህርት ለመያዝ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ፣ አድክሞኛልም።

ሚስተር ማኑኤል በዓመቱ ሞቱ፤ ዛፋቸው ላይ ከአንቶኒዮ በላይ ሮዛን ጽፈዋል። ልጃቸው ቤቱን ሸጣ ሄደች። እናቴ አርፋለች። እትዬ ጥሩነሽ ዜግነቷን አገኘች፣ ሊቶኒያ የሚባል ሰፈር ቤት ገዙ፣ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታት፤ ትሰማለች፣ መናገር ግን አትችልም። ሰብለ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል አካባቢ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ማታ ማታ እናቷን የምታጥባት፣ የምታጎርሳት እሷ ናት። እኔ ከእነሱ ፊት ለፊት ነው የምኖረው። ሰብለ ጠዋት ከጋራዥ ስትወጣ እጇን ታነሳልኛለች፤ የመኪናዋን መስኮት ግን ዝቅ አታደርግም።