ከእናቴ ግቢ ያልመጣው ጽጌረዳ

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም። ነፍስ አባቴ ፊት ስንቴ ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ይቺን አንዷን እየዘለልኩ እዚህ ደርሻለሁ። ስለ አበባ ነው ብዬ ብጀምር ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እናንተም ከሳቃችሁ ሳቁ። ትንሽ ነገር ናት የሚለኝን ሰው ግን መስማት አልፈልግም። እንደዚያ እያልኩ ራሴን ያታለልኩት ይበቃኛል።

አንዲት ሴት ደጄ ላይ ቆማ እያየችኝ፣ አላውቃትም አልኩ። አሳምሬ አውቃት ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ መቀሌ የመጣነው ባሌ ሥራ ሲቀይር ነው። እኔም ማስተማሬን እዚሁ ቀጠልኩ። ዓይደር አካባቢ የተከራየነው ቤት ግቢው ሰፊ ነው፤ ግን ድንጋይና የደረቀ ሲሚንቶ ብቻ። እኔ ደግሞ ጠዋት በር ስከፍት አረንጓዴ ነገር ካላየሁ ቀኑን ሙሉ ሰው አላናግርም። ችግኝ ፍለጋ ወጣሁ። አንዱን ብጠይቅ ወደዚህ፣ ሌላውን ብጠይቅ ወደዚያ፤ ትግርኛዬም ያኔ ከሰላምታ አያልፍም። መንገድ ዳር የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ጽጌረዳ ሸጠልኝ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ረገፈ። ነቅዬ ሳየው ሥር የሚባል የለውም፤ ከሰው አጥር የቆረጠውን እንጨት አፈር ውስጥ ሰክቶ ነው የሸጠልኝ። ሌላው ሮማን ነው ብሎ የሰጠኝ ደግሞ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚህ ሁሉ ከተማ ደህና ችግኝ የሚሸጥበትን ቦታ የሚጠቁመኝ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል እያልኩ ስነጫነጭ ከረምኩ። ይሄን ያዙልኝ። የሚጠቁም ሰው ማጣት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ዘይነባን ያገኘኋት ቃላሚኖ ነው። አጥር በሌለው ባዶ ቦታ ላይ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በዘይት ጣሳ የተተከለ ችግኝ ደርድራ፣ በጆግ ውሃ ታጠጣለች። የወሎ ሰው ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አማርኛዬን ስትሰማ ቀና ብላ፣ «አንቺ ደግሞ ከየት ወደቅሽ?» አለችኝ። ጽጌረዳ ስላት አልሸጠችልኝም። ገና ሥር አልያዘም፣ ሌላ ጊዜ ነይ ብላ መለሰችኝ። ብር ይዤ ቆሜ እምቢ ያለችኝ ሻጭ እሷ ብቻ ናት። በኋላ ራሷ ችግኙን በባጃጅ ጭና ቤቴ መጣች፤ ሲሚንቶውን በዶማ ፈነቀለች፤ ፍግና አፈር ቀላቅላ፣ ጽጌረዳውን፣ ሎሚውን፣ በአጥሩ ላይ የሚወጣውን ቦገንቪላ በእጇ ተከለችልኝ።

ስትጨርስ እጇን እየታጠበች፣ «መምህሪት፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች። «ያማረ እንደሆነ ለሰው ንገሪልኝ። ከዘይነባ ነው የገዛሁት በይ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

«እሺ እትዬ ዘይነባ።»

«ወላሂ በይ።»

እየሳቅኩ፣ «በማርያም» አልኳት። ምያለሁ። ይሄንንም ያዙልኝ።

እንዳለችውም አማረ። ዝናቡ ሲያልፍ ግቢዬ ሌላ ግቢ ሆነ። ለምለም የምትባል የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ጎራ አለችና ጽጌረዳው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። ዘይነባ ቃላሚኖ ናት ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ነበር። እኔ ግን፣ «ከእናቴ ግቢ ነው» አልኩ።

ለምን? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ፤ መልሱ ያሳፍራል። ብነግራት ነገ ሄዳ ትገዛለች፣ ከነገ ወዲያ ግቢዋ እንደኔ ግቢ ይሆናል። ይኸው ነው። እኔ ተንከራትቼ ያገኘሁትን ሌላ ሰው እንዲሁ በአንድ ጥያቄ ሊያገኘው? ስስት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ደግሞስ እናቴ በሕይወቷ ከጎመን በቀር ምን ተክላ ታውቃለች? ግን ለምለም፣ «የእናትሽ እጅ ይባረክ» ስትለኝ ደስ አለኝ። ወሬው ትምህርት ቤት ገባ። የጠየቀኝን ሁሉ ከእናቴ ግቢ እያልኩ መለስኩ። ዘይነባ ዘንድ እየሄድኩ ችግኝ እገዛለሁ፤ ሰው ላክሽልኝ ወይ ስትለኝ፣ ነግሬአቸዋለሁ፣ ይመጣሉ እላለሁ። ማንም አልመጣም። እንዴት ይምጣ?

ከዚያ የቦታው ባለቤት ሊያጥረው እንደሆነ ነገራት። ችግኙን ይዛ የምትገባበት የላትም። አንድ ሰውዬ እንዳ ኢየሱስ በኩል የእንግዳ ማረፊያ እየሠራ ነበር፤ ግቢውን ካለማችለት የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ጥግ ለችግኟ ሊሰጣት ቃል ገባላት። ግን በቅድሚያ አንቺ የተከልሽው ሥር ይዞ ያደገበትን ግቢ በዓይኔ ልይ አላት። «ያንቺን አሳየዋለሁ» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። እሺ አልኳት። ቀኑን አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ግቢው ይመር ብዬ ያዘገየሁትን ግብዣ የጠራሁት በዚያው ሰሞን ነው። ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቀን ዳቦና መጠጥ ይዘው «ቤት ለእንቦሳ» እያሉ ገቡ፤ እኔም «እንቦሳ እሰሩ» እያልኩ ተቀበልኳቸው። ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ለምለም አዲስ ለመጡት ስለ እናቴ እጅ እያወራች ነው። በር ተንኳኳ።

ስከፍት አንድ ሸምገል ያለ ሰውዬ ቆሟል። ከኋላው፣ ባጃጁ አጠገብ፣ ዘይነባ። ንጹሕ ሻርፕ አድርጋለች።

«ይቅርታ ሓፍተይ» አለኝ ሰውዬው። «የእርስዎን ግቢ የተከለችው ይቺ ዘይነባ ናት አሉ። ለማየት ነበር።»

ከኋላዬ ወሬው ቆመ። ሁሉም ወደ በሩ እንደዞሩ ሳላይ አወቅኩ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። አዎ። ከዚያ የሚመጣው ምንድን ነበር? ትንሽ ይስቁብኛል፣ ለምለም ታኮርፈኛለች፣ በሳምንቱ ይረሳል። ዘይነባ ግን መጠለያ ታገኛለች። ይሄ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ገብቶኝ ነበር። ደንግጬ ነው አልልም። ሳይታወቀኝ ነው አልልም። ዓይኗን እያየሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንግዶቼ እንዲሰሙ አድርጌ ነው ያልኩት።

«አላውቃትም። አበባው ከእናቴ ግቢ የመጣ ነው።»

ሰውዬው ወደ ዘይነባ ዞረ። ልትሰድበኝ ትችል ነበር። የሎሚውን ጉድጓድ የት ጋ እንደቆፈረች፣ ሲሚንቶው የቱ ጋ እንዳስቸገራት ብትናገር ያበቃልኝ ነበር። እሷ ግን ሻርፗን አስተካክላ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ቤት ተሳስተን ነው» አለች። መምህሪት አላለችኝም። እኔን ላለማዋረድ ራሷን ውሸታም አደረገች። ሰውዬው እየተቆጣ ቀድሟት ባጃጁ ውስጥ ገባ።

በሩን ዘጋሁ። «ማን ነው?» አለች ለምለም። «ቤት የተሳሳቱ ሰዎች ናቸው» አልኩ። የዘይነባን ቃል፣ እሷው የሰጠችኝን፣ ወስጄ ተጠቀምኩበት። ከዚያም ዳቦ ቆረስኩ፤ በላሁም።

ቃላሚኖ ለመሄድ ድፍረት እስካገኝ ወራት አለፉ። ስደርስ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ ውጭ የተቆረጡ ጀሪካኖች ወድቀዋል፤ ውስጣቸው የደረቀ እንጨት ብቻ። አጠገቡ ያለውን ባለሱቅ ብጠይቀው ሄዳለች አለኝ። ወዴት ስለው አላውቅም አለ።

ዛሬም አዲስ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ያንኳኳል፤ ይሄን ከየት ገዛሽው ይለኛል። ከዘይነባ ነው እላለሁ። አሁን ምን ያደርጋል? የት ነው የምትገኘው ይሉኛል። አላውቅም። ጽጌረዳው እንደሆነ ሳላጠጣው እንኳ ያብባል። አንድ ቀን ልነቅለው ዶማ አንስቼ ነበር፤ እጇ የነካውን ደግሞ መንቀል ሌላ በደል መሰለኝና ተውኩት።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለቱ የእናንተ አይደለም። ብቻ አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ፤ እሷ አስቸግራኝ እሺ ብዬ እንዳስቀረሁባት እናንተም ብታስቀሩብኝ አይፈረድባችሁም። በተቆረጠ ጀሪካን ችግኝ የምትሸጥ፣ ሥር ያልያዘ አልሸጥም የምትል የወሎ ሴት ካገኛችሁ፣ መምህሪት ልካን ነው በሏት። ያን ቀን ቤት አልተሳሳትሽም በሏት።