የባዩሽ ምስክርነት

ባዩሽ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትሸጥ፣ ሳቋ ገበያውን አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። ሙዙን ኩልፎ ወንዝ ዳር የሚያለማው ባሏ ዘካሪያስ ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ ድምፁ የሚወጣው እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ሲመራ ብቻ ነው። ሰው «ባዩሽ ወሬውን ጠቅልላ ወስዳ ዜማውን ተወችለት» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከዘካሪያስ ግራ ጆሮ ሥር እብጠት ወጣ። አያመውም፤ ሲነኩት ግን ጠጠር ይላል። ባዩሽ በቅቤ አሸችው፣ አስጸለየችለት፤ አልጠፋም። በመጨረሻ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ዶክተር ይፍሩ የሚባል ወጣት ሐኪም እብጠቱ ከምራቅ ዕጢው መሆኑን ነግሯቸው፣ በቀጭን መርፌ ጥቂት ቀድቶ ለምርመራ አዲስ አበባ ላከው።

ውጤቱ እስኪመጣ ባዩሽ እህል አልወርድ አላት። ሲመጣም ዶክተሩ ደጋግሞ አነበበውና፣ «ካንሰር ነው የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም፤ አይደለም ለማለትም አይቻልም» አላቸው። ፊቷን አይቶ ቀጠለ፤ «እርስዎ ነጋዴ ነዎት። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ በቆሎ ዘግነው ንጹሕ ቢያገኙ፣ ከሥሩ ነቀዝ የለም ብለው ይምላሉ? መርፌውም የዘገነው ከአንድ ጥግ ነው። እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሙሉውን ብናየው ይሻላል። አዲስ አበባ ልላካችሁ።»

ባዩሽ ሰምታለች፤ ገብቷታልም። ግን በፍርሃት የከረመ ሰው ናትና፣ ከሁለቱ ደስ የሚለውን ይዛ ወጣች።

እሁድ «ምስክርነት ያለው ይነሣ» ሲባል ከሴቶቹ ወገን ብድግ አለች። «ካንሰር ነው ብለን ስንፈራ አልተገኘም! ጌታ ባለቤቴን ፈውሶታል!» ጉባኤው እልል አለ፤ ዘካሪያስም እያለቀሰ ዘመረ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ትንፍሽ አላለችም። የእኛ ሰው እስኪበስል የሚጠብቀው ሙዝ ብቻ ነው፤ ደስታን ጥሬውን ይበላዋል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው እስከ ምዕራብ ዓባያ ደረሰ፤ ሰዎች በሽተኞቻቸውን ይዘው ተፈወሰ የተባለው ሰው እንዲጸልይላቸው ይመጡ ጀመር። እብጠቱ ግን እዚያው ነበር። ባዩሽ አንድ ቀን ሙዝ ሲቆርጡ፣ «ኧረ ዘካርዬ፣ ሄደህ ይውጣልህ» አለችው።

«አንቺ ቆመሽ ጌታ ፈወሰው ብለሽ፣ እኔ ለቢላዋ ልተኛ?» አለ ዘካሪያስ፣ ቀስ ብሎ። «ሰው ባዩሽ ዋሸች ይበል? አይሆንም።»

«ይበሉኝ!» ማለት ነበረባት። ገበያውን በአፏ የምታናውጠው ሴት፣ አንዲት ቃል በምታስፈልግበት ቀን አጎንብሳ ሙዟን ለቀመች።

በዓመቱ እብጠቱ ያመው ጀመር። ግራ ፊቱ ወደቀ፣ ዐይኑ አልከደን አለ፤ ሲዘምር ከንፈሩ እየተጣመመበት ቃሉ ይበላሻል። እሁድ አንዱን መዝሙር አቋርጦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ አልመራም። አዲስ አበባ ሲደርሱ «ካንሰር ነው፤ ዘግይታችኋል» ተባሉ። ዘካሪያስ ቤቱ ተመልሶ ሞተ፤ በቀብሩ ላይ እርሱ ያስተማራቸው ዘማሪዎች ዘመሩለት።

ከሐዘን ስትነሣ ባዩሽ ብቻዋን ዶክተር ይፍሩ ዘንድ ሄደች።

«ያኔ ብናስወጣው ኖሮ ይድን ነበር?»

ሐኪሙ የድሮውን ውጤት አውጥቶ እንደገና አነበበው። «ያን ጊዜም ካንሰር ኖሮበት መርፌው ስቶት ይሆናል፤ ወይም ደኅና ሆኖ ኋላ የከፋ ይሆናል። ይድን ነበር ለማለትም፣ አይድንም ነበር ለማለትም አልችልም።»

ባዩሽ ይህን ዓይነት መልስ ታውቀዋለች። ነጠላዋን አስተካክላ አመስግናው ተነሣች። አሁንም ከሁለቱ አንዱን መርጣ ይዛ ወጣች፤ «ይድን ነበር» የሚለውን።