የኔታን ለመመርመር ያፈርሁ ዕለት

ደብረ ታቦር አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሥራ የጀመርሁ ቀን፣ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አንድ ቅጽ ሰጡኝ። ይረሳል ተብሎ የመጣን ሽማግሌ ዕለቱን፣ ወሩን፣ ጠዋት የበላውን ጠይቅ አሉኝ። ከዚያም ሦስት ቃላት ንገረውና ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሰህ ጠይቀው አሉ። ሰውን ቁርሱን መጠየቅ ምን ዓይነት ሕክምና ይሆናል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ቢሆንም ጡረታ እስክወጣ ያን ቅጽ ስሞላ ኖርሁ። ያልሞላሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

የዚያን ቀን የዜማ መምህሬ የኔታ አድማሱ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር በባጃጅ መጡ። እትዬ ወደ ጎን ወሰዱኝና የኔታ አንድ ነገር በአንድ ጠዋት ሦስቴ እንደሚጠይቁ፣ ትናንት የቀበሩትን ጎረቤት ዛሬ እንዴት አደረ እንደሚሉ ነገሩኝ። ጭንቃቸው ግን ሌላ ነበር። ልጃቸው ይበልጣል የዜማውን ትምህርት ትቶ መተማ ሹፌር በመሆኑ አባቱ ከደጄ አትድረስ ብለውት ስድስት ዓመት ሆኗል።

“ሕመም ከሆነ ልጁን አሁኑኑ ልጥራው” አሉኝ። “እርጅና ከሆነ ግን ቁጣቸው እስኪበርድ ልታገሥ። አንተ የምትለኝን አደርጋለሁ።”

ቅጹን አወጣሁ። ነገር ግን የበዓላቱን ቀን ሁሉ በጣታቸው ቆጥረው የሚነግሩንን ሰው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው ማለት አፌ እምቢ አለ። ለኔ ድፍረት ነበር። ስለዚህ ያስተማሩኝን ዜማ እንዲያሰሙኝ ለመንኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሳይስቱ ወረዱት። አብሬ ልል ስሞክር በእጃቸው አስቆሙኝና በስሜ ጠሩኝ።

“ስማቸው፣ ዛሬም ትቸኩላለህ?”

ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ ተማሪነቴ ተመልሶልኝ ነበር። ካርዳቸው ላይ ጤነኛ ብዬ ጻፍሁ። እትዬንም እርጅና ነው፣ ይታገሡ አልኋቸው።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የቤታቸው መንገድ ጠፋቸው። ወደ ነርቭ ሐኪም ራሴ ይዣቸው ሄድሁ። ሐኪሟ ከልጄ ታንሳለች። የአልዛይመር በሽታ መሆኑን ነግራኝ በትዕግሥት አስረዳችኝ። በሽታው ሲጀምር የአንጎል ሴሎች ገና ብዙ አልሞቱም። ቀድሞ የሚጎዳው አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት መገናኛ፣ ሲናፕስ የሚሉት ነው። አንጎል ውስጥ የሚከማች ጎጂ ፕሮቲን እሱን ያዳክመዋል። አዲስ ነገር እንዲያዝ ደግሞ እነዚህ መገናኛዎች መጠናከር አለባቸው። ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ነገር ብዙ መገናኛ ስላለው ይቆያል። እኔም ያን ቀን በቅጹ ፋንታ ዜማ እንዳሰማኋቸው ነገርኋት።

“ዜማውን ከጠየቋቸው እኮ” አለችኝ፣ “መጨረሻ ላይ የሚጠፋውን ነው የጠየቁት።”



ይበልጣል ተጠርቶ መጣ። እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከአባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ካስታረቋቸው ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። የኔታ አለቀሱ። እግዜር ይፍታህ ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። ደስ ብሎን መርቀን ተለያየን።

በማግሥቱ የኔታ ልጃቸውን ደጅ ላይ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። ማን ግባ አለህ ብለው ጮኹበት። ቅያሜው የቆየ ስለሆነ ከቦታው አለ፤ ዕርቁ ግን የአንድ ቀን ነበርና አልያዘም። ይበልጣል ወጥቶ ድንጋዩን አነሣ። የኔታም እንደ ትናንቱ አልቅሰው ይቅር አሉት። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። ልጁ ወደ መተማ አልተመለሰም፤ እዚሁ ሚኒባስ ይነዳል።

እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ቀን ሸኝተውኝ ሲመለሱ ቆም አሉ።

“ያኔ ብጠራው ኖሮ ዕርቁ ይይዝ ነበር?”

“ምናልባት ይይዝ ነበር፣ እትዬ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። በጡረታዬ ብዙ ነገር ይናፍቀኛል፤ ከሁሉ ግን ያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይብስብኛል። የኔታ አንዴ ይቅር ብለው ከልጃቸው ጋር ማዕድ ሊቆርሱበት ይችሉ የነበረ ጊዜ ነው።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። የምታከብሩትን ሰው ስለ ዛሬ ጠዋቱ ጠይቁት። እኔ ስላፈርሁ ይበልጣል በየጠዋቱ ድንጋይ ይሸከማል።