የኮኮዋው ገንዘብ ድርድር

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ገንዘቡ የራሳቸው ከሆነ ለምን ይለማመጣሉ?» አለኝ። የምናጠናው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቅኝ ግዛቶች ከገዢዎቻቸው ጋር ያደረጉትን የገንዘብ ድርድር ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በጦርነቱ ዘመን ከአንድ ቅኝ ግዛት የተሸጠው ኮኮዋ ያስገኘው ገንዘብ ገዢው አገር ዘንድ ተቀመጠ፤ ሰላም ሲወርድ ባለቤቶቹ ቢጠይቁ «ጦርነቱ ጎድቶናል፣ ታገሡን» ተባሉ። ይህን እያስረዳሁ ሐሳቤ ወደ ፌርፋክስ፣ በባሕር ማዶ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት መንገድ ሄደ።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከዚያ ራቅ ብሎ ሃውቶርን የሚባል ቦታ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ፋሲካ ሊደርስ ሲል አባቴ አገር ቤት ማረፉን በስልክ ሰማሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርና ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው ቢጠፋስ ብዬ ፈራሁ። ካልተናገርኩ ግን አልመጣም ብዬ የምቀየመው ሰው አይኖርም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ ወዳለው ሊትል ኢትዮጵያ ወደሚባለው ሰፈር እሄድ ነበር። ጋሼ ተካ የሚባሉ ታክሲ ነጂ፣ በስልክ የሚጠራው መኪና ሥራቸውን ቢያቀዘቅዝባቸው ኮሌጅ ገብተው ስለነበር ታሪክ አስጠናቸው ነበር። የምንቀመጠው እትዬ ብርነሽ ሱቅ ውስጥ፣ የበርበሬ ከረጢቶች አጠገብ ነበር። የአባቴን መርዶ ከሰማሁ በኋላ በነበረው ቅዳሜ የጃካራንዳው ዛፍ ሐምራዊ አበባ የእግረኛውን መንገድ ሸፍኖት ነበር። ለፈተናው እንዲረዳቸው ድርድሩን እንደ ተውኔት እንጫወተው አልኩ፤ እሳቸው ቅኝ ግዛቱ፣ እኔ ገዢው መንግሥት።

«ገንዘባችንን!» አሉ ጋሼ ተካ ጠረጴዛውን መታ አድርገው።

«ቀስ በል እንጂ ተካ! መንግሥት እኮ ነው፤ ሳይከፍል የወረደ ተሳፋሪ መሰለህ?» እትዬ ብርነሽ ከባንኮኒው ሆነው ሳቁ።

እኔም ሚናዬን ለመወጣት ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ክቡርነትዎ፣ ጦርነቱ ጎድቶናል። ቤታችን ፈርሷል። የምንመካበት ሰው ሞቷል። ደውለን እንኳ ድምፁን...» መጨረስ አቃተኝ።

እትዬ ብርነሽ ሳቃቸውን አቆሙ። «ማን ነው የሞተብህ?»

«አባቴ።»

ጋሼ ተካ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሶ፣ እስካሁን ብቻህን? በል ተነሣ፣ ድራይቭ አድርጌ አደርስሃለሁ። ገንዘቡ ይቆይ።»

በኛ ልማድ ሐዘንተኛ ፊት የዕዳ ወሬ አይነሣም፤ ጋሼ ተካ ለጨዋታ እንኳ አልደፈሩም። እትዬ ብርነሽ ሱቁን ዘጉና ዳቦና ውሃ ይዘው አብረውን መጡ። ክፍሌ ወንበር ስላልነበራት ሁለቱም አልጋዬ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «እግዜር ያጽናህ» ካሉኝ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። ጋሼ ተካ ወደ ሥራ የሚገቡበት ሰዓት ሲደርስ ተነሡ።

በዓመቱ ጋሼ ተካ ኮሌጁን ጨርሰው ሌላ ከተማ ሄዱ። እትዬ ብርነሽም ኪራዩ ሲከብዳቸው ሱቁን ለቀቁ።

ለተማሪዬ፣ ገንዘቡ በሌላው እጅ ስለነበር ባለቤቶቹ ከመታገሥ በቀር ብዙ ምርጫ እንዳልነበራቸው ነገርኩት። ትክክል ነው፤ ፈተና ላይ ቢጽፈው ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ። እኔ ግን ይህን ምዕራፍ ባስተማርኩ ቁጥር የሚታየኝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ መጥቶ እንዲያ ዝም ብሎ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው የለም።