በጊደር የተገዛው ሸክላ

ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ የእትዬ ዘይቱና ሻይ ቤት አለ። የእኔ ፎቶኮፒ ቤት ከሻይ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አያ ሽታውን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ከከተማው በላይ ካለው መንደር ወተት ይዘው ይወርዳሉ፤ ወተቱን ያስረክቡና በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጠው አንድ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ወደ ውስጥ አይገቡም። «እግሬ ጭቃ ነው» ይላሉ፤ በበጋም እንዲያው ነው የሚሉት። እንዲህ ካለ ሰው ሕይወት ምን ይጻፋል ብዬ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። የምጽፈው የማውቀውን ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሸክላው ነው። የእትዬ ዘይቱና ታላቅ ወንድም አብዱልጀባር በወጣትነቱ ደሴ ውስጥ ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ጋር ይዘፍን ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ትልቅ ሸክላ አስቀረጸ። በደርግ ጊዜ ከቤት ጠርተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። መቃብሩም አልታወቀም። ፎቶግራፎቹን እናታቸው ፈርተው አቃጠሏቸው። የቀረው ሸክላው ብቻ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ክራሩን ታቅፎ ይስቃል።

እትዬ ዘይቱና ሸክላውን የሚያጫውቱት በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው። መርፌው ሲያርፍበት መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿል። ከዚያ ከዝናቡ ወዲያ ማዶ የአብዱልጀባር ድምፅ በአምባሰል ቅኝት ይመጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ያንን ዝናብ የዘፈኑ ክፍል አድርጎ ለምዶታል።

ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ነገ ጥሩ ይሆናል እያለ በሚያወራበት ጊዜ፣ የእትዬ ዘይቱና ልጅ ዋሲላ ከዱባይ ደወለች። እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። እትዬ ዘይቱና ስልክ ጆሯቸው ላይ መለጠፍ ስለማይወዱ የዋሲላን ወሬ ሻይ ቤቱ በሙሉ ነው የሚሰማው።

«እማ፣ የአጎቴን ፊት አየሁት!»

«ያረቢ! የት?»

«እዚሁ፣ የማዳም ልጅ ክፍል። ሸክላ ይሰበስባል። ፈረንጆች ያንኑ ሸክላ እንደገና አትመውታል። ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፣ ሽፋኑ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ከዋናው ቴፕ ነው የቀዱት፤ ጭረት የሚባል የለውም። ልግዛልሽ?»

«ስንት ነው?»

ዋሲላ ዋጋውን ስትናገር ባጃጅ ነጂው ሀሚዱ ሻዩ ትን አለው።

«በዚህ ዋጋማ ዘፋኙ ራሱ መጥቶ መዝፈን አለበት!» አለ። ካለ በኋላ ነው የደነገጠው።

እትዬ ዘይቱና ግን አልተቀየሙም። «የገዛ ወንድሜን ከፈረንጅ አልገዛም። አንቺ ደሞዝሽን ለራስሽ አድርጊው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሀሚዱ ጥፋቱን ሊያስተሰርይ ነው መሰለኝ ስልኩን ጎርጉሮ ከሸክላው አንዱን ዘፈን አገኘው። «ይኸው እትዬ፣ በነፃ!» እትዬ ዘይቱና ጥቂት ሰምተው መለሱለት። «በጠርሙስ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል» አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው፣ «አንተስ ምን ትላለህ አያ ሽታው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የራስሽ ካለሽ ሌላው ምን ያደርግልሻል» አሉ አያ ሽታው ከአግዳሚው ላይ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎን ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ጦርነቱ ውጫሌ ደረሰ። ከአምባሰል በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሲቀርብ ከተማው ወደ ደሴ መጉረፍ ጀመረ። የአያ ሽታው የመጨረሻ ልጅ ማዕረግ ከሚሊሻው ጋር ወደ ውጫሌ ወጥቶ ነበር። አያ ሽታው ስለዚህ አልሸሹም። «ሲመለስ ቤቱን ዘግቼ እንዳያገኘኝ» አሉ።

እትዬ ዘይቱና በጭነት መኪና ላይ በሰው መሐል ተጣበው የሚሄዱ ነበሩ። ሸክላው በዚያ ግፊያ እንደሚሰበር አወቁ። ወደ መንገዱ ዳር የወጡትን አያ ሽታውን ጠርተው በነጠላ ጠቅልለው ሰጧቸው።

«አማና ነው አያ ሽታው። እንደ ዓይንህ ያዝልኝ።»

«እስጢፋኖስን! ሳልሞት አይነካም» አሉ አያ ሽታው።

ገበሬው ያን ሰሞን ማሽላውን በደንብ ሳይደርቅ ነበር የሚያጭደው። ማሳ ላይ ከቆየ የታጣቂ ቀለብ ይሆናል ብሎ ፈርቷል። አያ ሽታውም አጭደው፣ ወቅተው፣ በጓሮ ባለው የእህል ጉድጓድ ከተቱት። ሸክላውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ስልቻ ውስጥ አድርገው እህሉ መሐል ቀበሩት። የጉድጓዱን አፍ በጭቃ መርገው ጭድ በተኑበት። ታጣቂዎች መጥተው በጎቹን አረዱ፤ እህሉ የት ነው ብለው በሰደፍ ወገባቸውን መቷቸው። አልተናገሩም። ስለ እህሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር ብለውኛል።

በኅዳር መጨረሻ ተመለስን። ሻይ ቤቱ ተዘርፏል፤ ወንበሩም፣ ብርጭቆውም፣ በርሜሉም የለም። የሸክላ ማጫወቻው ክዳኑ ተገንጥሎ ጥግ ላይ ወድቋል፤ ለምን እንደሚሆን ያወቀለት ስላልነበር ይሆናል የተረፈው። አያ ሽታው በማግስቱ መጡ። በእጃቸው ወተት አልነበረም።

ነጠላው ሲፈታ እኔም እዚያው ነበርኩ። እርጥብ እህል በጉድጓድ ውስጥ ይግላል፤ ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የሽፋኑን ፊት ሻጋታ በልቶታል። ሸክላው ሙቀቱና የእህሉ ክብደት ተባብረውበት እንደ ሰፌድ ጎብጧል። እትዬ ዘይቱና ማጫወቻው ላይ አስቀመጡት፤ መርፌው ዘለለና ወደ ውጭ ወደቀ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ዘለለ።

«እርጥብ እንደሆነ አውቅ ነበር» አሉ አያ ሽታው። «እህሉ ይበላሻል ብዬ አስቤያለሁ። የዘፈን ነገር ይግላል ብዬ አላሰብኩም።»

«አያ ሽታው፣ ማዕረግስ?»

«የእሱን ተዪው፤ ወሬ የለም። እኔ የመጣሁት ስለ አማናሽ ነው።»

«ዕቃ ነው እኮ። አንተ ተርፈህልኝ...»

«ዕቃ ነው ብለሽ አይደለም የሰጠሽኝ» አሉና ወጡ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ እኔ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ ዱባይ ያለችው ልጅ ስልኳ አለህ?» አሉኝ። ደወልኩላቸው። ዋሲላ ነገሩ ሲገባት አለቀሰች። ያ የፈረንጆቹ ሸክላ ጥቂት ብቻ ታትሞ አልቋል አለች፤ አሁን ከሰብሳቢዎች እጅ ነው የሚገኘው፣ ዋጋውም ከድሮው ብዙ እጥፍ ሆኗል።

«አባባ፣ እማ አትቀበልዎትም።»

«መቀበል የእሷ ነው። ማስረከብ የኔ ነው።»

በሚቀጥለው ገበያ ጊደራቸውን እየነዱ ሲወርዱ አየኋቸው። ከዘረፋው ያመለጠችው ከላሚቱ ጋር ገደል ውስጥ ተደብቃ ነው፤ ላሚቱ ስታረጅ እሷ ትተካታለች ተብላ የምትጠበቅ ነበረች። ብሩን እዚህ ለአንዲት ዱባይ ላለች ልጅ ቤተሰብ ሰጡ፤ ኢቲሳም የምትባለው ይህች ልጅ እዚያ ለዋሲላ በድርሃም ከፈለች። እንዲህ ነው የእኛ አገር ገንዘብ ባሕር የሚሻገረው።

የሰማ ሁሉ ተገረመ። አንድ ዘፈን በስልክ በነፃ በሚገኝበት ዘመን፣ አገሩ ዘር እንኳን በተቸገረበት ዓመት፣ ለሸክላ ጊደር ይሸጣል? እኔም ያው ነበር ያልኩት፤ በልቤ እንጂ አፍ አውጥቼ አላልኩም። ወፍራም ቢሆን፣ ከዋናው ቴፕ ቢቀዳ፣ ያንን ሁሉ ዋጋ ያወጣል ወይ?

ሸክላውን ያመጣችው ራሷ ኢቲሳም ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ስትመለስ ልብሶቿ መሐል አድርጋ። እትዬ ዘይቱና ጊደሯን የሰሙት ያን ቀን ነው።

«አብደሃል እንዴ ሽታው? ላሚቱ ስታረጅ ምን ልታልብ ነው?»

«ቁጭ ብለሽ ስሚው በቃ» አሉ አያ ሽታው። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ከአግዳሚው አልተነሡም።

እትዬ ዘይቱና ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ደንበኛ አስወጥተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ የማጫወቻውን ገመድ እንድሰካላቸው ጠሩኝ። ሸክላው ከባድ ነበር፤ ጥቁረቱ እንደ ውኃ ፊት ያሳያል። መርፌውን አስቀመጡ። ዝናቡን ጠበቅን። ዝናብ የለም። ምንም የለም። ከዚያ ከዘፈኑ በፊት አንድ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። ጣቱ ክራሩን ሲነካ ተሰማ። ዘፈነ።

እትዬ ዘይቱና ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ሰው ወደ ቤት ሲገባ እንደሚነሡት ዓይነት። በሩን አዩ። ከዚያ የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ መርፌውን በእጃቸው ነጥቀው አነሡት። ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ስበው፣ በአያ ሽታው ፊት ለፊት አልፈው ወደ ሐይቁ ወረዱ።

አያ ሽታው እኔን አዩኝ። «እሱ አይደለም?»

«እሱ ነው» አልኩ። እኔ ስናገር ሁልጊዜ የምዋሽ ይመስላል።

«ሌላ ሰው ነው የላኩት» አሉ ዱላቸውን አንሥተው። «ፈረንጅ በምን ያውቀዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱን የሚያስቀምጡት እኔ በር ላይ ሆነ። ሻይ ቤቱ ፊት ሲደርሱ መንገዱን ተሻግረው በዚያኛው ዳር ያልፋሉ። እትዬ ዘይቱና መጀመሪያ ቸኩለው ነው ብለው አሰቡ። ሲደጋገም ግን እኔን ያዙኝ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ቆመው አዳመጡኝና ሻይ ቤቱን በጠራራ ፀሐይ ቆልፈው፣ «ና፣ ቤቱን አሳየኝ» አሉ።

ዳገቱን እትዬ ዘይቱና እያረፉ ነው የወጡት። አያ ሽታው ከአጥራቸው ሥር ሆነው ሞፈር ይጠርባሉ።

«ተኳረፍን እንዴ አያ ሽታው?»

«ማን ያኮርፋል? አማናሽን አበላሸሁ፤ መካሻ ብዬ ደግሞ የሰው ድምፅ አመጣሁልሽ። በምን ዓይኔ ልይሽ?»

«እሱ ነው።»

«እና ለምን አጠፋሽው?»

እትዬ ዘይቱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በድሮው ሸክላ ውስጥ ወንድሜ ሩቅ ነበር። ከዝናብ ማዶ ነበር። ሞቷል ብዬ ለራሴ ስነግረው ነው የኖርኩት፤ ያ ዝናብም ያግዘኝ ነበር። በዚህኛው ሲተነፍስ ሰማሁት። እዚህ፣ አጠገቤ። ወላሂ፣ ቀጥሎ ስሜን የሚጠራኝ መሰለኝ። መሸከም አቃተኝ እንጂ አንተማ አስረክበሃል። ከሰጠሁህም በላይ ነው ያስረከብከኝ።»

አያ ሽታው መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሲተነፍስ?»

«ሲተነፍስ።»

«የማዕረግ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ነበረ» አሉ። «ሲቀልድ፣ ሲያንጎራጉር ይቀዳው ነበር። ስልኩን ይዞት ሄደ።» ሞፈሩን ዳሰሱት። «ስንት ዓመት ጠበቅሽው?»

«ያቆምኩ ይመስልሃል?»

አያ ሽታው መጥረቢያውን መልሰው አነሡት። በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አልሰማሁትም» አሉ።

«ለገበያ ስትወርድ ግባና ስማው።»

በገበያው ቀን ወረዱ። ሀሚዱ በሩ ላይ ሆኖ፣ «አያ ሽታው፣ ዛሬ እግርዎ አልቆሸሸም?» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። አያ ሽታው ጫማቸውን ደፉ ላይ አውልቀው ገቡና ከማጫወቻው አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚቀመጡት። እትዬ ዘይቱና መርፌውን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ።

ትንፋሹ ሲመጣ አያ ሽታው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር፣ በመሐሉ ባለው ዝምታ ውስጥ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚሉት ግን አልተሰማኝም። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ፤ ሸክላው ባዶውን ይዞር ጀመር። እሳቸው ግን ገና የሚመጣ ያለ ይመስል ይጠብቃሉ። እኔ ልነሣ አልደፈርኩም።

እትዬ ዘይቱና ዓይናቸው ቀልቶ ከጓሮ ገቡና መርፌውን አነሡት።

«አለቀ?» አሉ አያ ሽታው።

«ይኼ ፊቱ አለቀ። ጀርባውም ዘፈን አለው። ላዙረው?»

አያ ሽታው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ተነሡ። «አሁን አይሆንልኝም» አሉ። «እሱን በሌላ ገበያ እሰማዋለሁ።»