የጎባው መካኒክና የሰይዳ ጆሮ

መሀመድአወል ጎባ ከተማ ውስጥ ሞተር በጆሮው የሚያክም መካኒክ ነበር። ሙያውን የተማረው ድሬዳዋ ነው። ካሚዮን ገና ከገበያው ጫፍ ሲመጣ፣ ሳያየው የማን እንደሆነና ምን እንደነካው ይናገራል።

በ1955 ዓ.ም. ክረምት ተስቦ ያዘው። ሦስት ሳምንት ራሱን ሳያውቅ ከረመ። ሲነሳ ሁለቱም ጆሮዎቹ አይሰሙም።

ደንበኞቹ ጥቂት ጊዜ ተመላለሱና ቀሩ። ክፉ የተናገረው የለም። ጎማ የሚያስለጥፉና ብስክሌት የሚያሠሩ ብቻ ቀሩለት። መስጊድ ውስጥ ያንሾካሾከ መስሎት ጮክ ብሎ ተናግሮ ሰው ሁሉ ዞሮ ካየው ወዲህ ደግሞ ንግግር አሳነሰ። ቤቱን የያዘችው ገበያ ወጥታ ገብስና ምስር የምትሸጠው ሚስቱ ሰይዳ ነበረች።

ታኅሣሥ ላይ ገብረ መድኅን የሚባል ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት እየገፋ መጣ። ለፈንጣጣ ክትባት ከቆላ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ሞተሩ ግራና ቀኝ የተኙ ሁለት ሲሊንደሮች አሉት፤ ለየራሳቸውም ካርቡራቶር። ቆላ ሳለ ደህና ነበር። ጎባ ከገባ ወዲህ ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ነዳጅ ሲቀንሱለት ይጠፋል። ዲንሾ አካባቢ በሽታው ገብቷል፣ ድሬሰሩም መንገድ ላይ የሚጠፋ ሞተር ይዞ መሄድ አልቻለም። ሁለት መካኒኮች ሞክረው ትተውታል።

መሀመድአወል ካንዴላዎቹን ፈታ። ሁለቱም ከሰል መስለዋል።

«ዶክተር፣ እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን በዝቶበታል» አለ። በየካርቡራቶሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን አሳየው። «እነዚህ ሲላሉ አየር ይጨምራሉ። ልኩ የሚታወቀው ግን በጆሮ ነው።» ካቻቢቴውን መሬት አስቀመጠ።

ሰይዳ ከቤት ወጥታ ታይ ነበር። የራሷን ጆሮ በጣቷ ነካች።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ሞተር ነው፣ ጥጃ አይደለም!» አላት መሀመድአወል።

ሰይዳ ከኋላው ቁጢጥ ብላ መዳፏን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እሱም አሰበና፣ «ድምፁ ሲፈጥን ጫን አድርጊኝ፤ ሲደናቀፍ እጅሽን አንሺ» አላት።

የቀኙን ካንዴላ ሽቦ ነቅሎ ግራውን ብቻ አስነሳ። ብሎኑን አዞረ። ሰይዳ እርግጠኛ እስክትሆን ስለምትጠብቅ እጇ ዘገየ፤ ሞተሩ ጠፋ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ጠፋ። በሦስተኛው ጮኸባት። መንገደኛ ቆሞ አያቸው። ተነስታ ወደ ቤት ገባች፤ ድሬሰሩም ነገሩ አለቀ ብሎ ኮቱን አነሳ።

ብዙ ሳትቆይ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ወደ ኋላ ሰብስባ ተመለሰች።

«ቶሎ ቶሎ ስለሚያዞረው ነው» አለችው ድሬሰሩን። «ቀስ ይበል በሉት። ሩብ ዙር አዙሮ ይጠብቀኝ።»

ገብረ መድኅን በጣቱ ሩብ ዙር አሳየው። መሀመድአወል ሚስቱን አየና «ቶሌ፣ እሺ» አለ።

ሩብ አዞረ፣ ጠበቀ። እንደገና ሩብ። እጇ ጫን አለ። አንድ ጊዜ ልኩን ሲያሳልፍ እጇ ተነሳ፤ ጥቂት መለሰው፤ ጫን አለ። ቀኙንም እንዲሁ አደረጉ። ሁለቱን ሽቦዎች ሲያገናኝ ጨረስኩ ብሎ እጁን ሊጠርግ ነበር፣ ሰይዳ ግን ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ አንዱን ከሌላው አስቀደመች። ግራው ይቀድማል ማለቷ ነው። ሁለቱ ጎኖች መስማማት እንዳለባቸው ማንም አልነገራትም።

መሀመድአወል ጣቶቿን አየ። ከዚያ የግራውን ፍጥነት በትንሹ ቀንሶ መዳፉን ታንከሩ ላይ አሳረፈ። ንዝረቱ እኩል ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

ድሬሰሩ በማግስቱ ወደ ዲንሾ ወጣ። ከወር በኋላ ሲመለስ ሞተሩ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ እንዳልጠፋበት ላገኘው ሁሉ አወራ።

ሾፌሮች መመለስ ጀመሩ። «ሰይዳ አለች?» ብለው ሲጠይቁ መሀመድአወልን ደስ አይለውም ነበር፤ ዓመት ያህል ሳያኮርፍ አልቀረም። ጆሮው አልተመለሰም። በኋላ ግን ካቻቢቴውን ራሱ ያቀብላት ጀመር። ሮቤ ተዛውረው መንገድ ዳር ጋራዥ ሲከፍቱ እሱ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል፤ ካርቡራቶር የሷ ሥራ ሆነ። የገብሱንና የምስሩን ንግድ ለእህቷ ለጁሀራ ተወችላት።