ቀድሞ የተከደነው ቤት

ጭቃና ጭድ አብሮ ሲቦካ የሚሸተው ሽታ ለአንተ ምንም አይመስልህ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬም አልችለውም። ትናንት ጎረቤት ግድግዳ ሲያስመርግ መስኮቱን ብዘጋ፣ ምራቴ «ምን ሆኑ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምኑን ልንገራት?

ጣሊያን መንደራችንን ያቃጠለው ሚያዝያ ላይ ነው፤ አርበኛ አበላችሁ ብሎ። ባሌ ዱር ነበር፤ እኔ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ተቃርቤአለሁ። ከተሸሸግንበት ገደል ስንመለስ ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ አልተማረም። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ሄደ፤ የሌለን አመዱ ላይ ቀረን።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሰበስበን የማርያም ማኅበራችን ነበር። በየወሩ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠጣል፤ ጽዋው ከተረኛው ቤት ይቀመጣል። ያን ወር ተረኛዋ ጎረቤቴ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከመነኮሱ እናቷ ጋር የምትኖር። እናቷን እማሆይ እንላቸዋለን። ጎረቤቴ ከእሳት ስትወጣ እህሏን ትታ፣ ጽዋውን ነው በጉያዋ ይዛ የወጣችው።

የማኅበሩ መሪ ሽማግሌው ከተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ጽድ ሥር ሰበሰቡን። የቀሩት ወንዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ደቦ ቢጠራም ቤት የሚቆመው አንድ ባንድ ነው፤ ክረምት ደግሞ ደርሷል። «ማኅበር ሜዳ ላይ አይጠጣም። ጽዋው ያለበት ቤት ይቅደም» አሉ። ማንም አላጉረመረመም። ጎረቤቴ ግን ሆዴን ሆዴን ታያለች። ብድግ ብላ መጣችና ጽዋውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ተራ እንዲህ ይለወጣል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«እመቤታችን በረት ውስጥ አይደል የወለደች? ነፍሰ ጡር ቤት ስታጣ እንዴት እንደምትሆን ታውቃለች። አትቀየመኝም።»

እኔ ጽዋውን ተሳለምኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ።

ወንዶቹ ማገር ሲያስሩ እሷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከጧት እስከ ማታ የእኔን ቤት ጭቃ ትረግጥ ነበር። እማሆይ ጥላ ሥር ተቀምጠው «ደኅና አድርገሽ ርገጪው፤ ብርድ ቀዳዳ አያጣም» እያሉ ይቀልዱባታል። ጭቃው ደርቆ ሳያልቅ ሴት ልጅ ወለድኩበት።

ቀጥሎ የእሷ ቤት ቋሚው ተተከለ። ማገሩ ሊታሰር ሲል ጣሊያን ለደጀን መንገድ ሥራ ሰው ሊለቅም መጣ፤ የቀሩትም ወንዶች ዱር ገቡ። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ወረደ።

ታዲያ እናትና ልጅ እርስዎ ቤት አይገቡም ወይ ትለኛለህ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ልጅ ክርስትና እስኪነሣ መነኩሴ አራስ ቤት አይገባም፤ ከዚያ ቤት እህልም አይቀምስም። ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነው፤ ሴት ግን ሰማንያ። ክረምቱ አለቀ ማለት እኮ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ እናቷን ዝናብ ላይ ትታ አትገባ። ከቋሚዎቹ ሥር የቅጠል ጎጆ ቢጤ ቀልሰው ተቀመጡ።

ከደጃፌ ቆሜ «እማሆይ፣ ይግቡ እባክዎ፤ እግዜር ብርዱን ያያል» እላቸዋለሁ።

«ቆቤን ደፍቼ? ልጅሽ ክርስትና ትነሣና እገባለሁ፤ ምን አስቸኮለኝ» ይሉኛል፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

በገል ፍም እልክላቸዋለሁ፤ ሳይደርስ ዝናቡ ያጠፋዋል። እኔ እሳት ዳር ተኝቼ ሳላቸውን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ልጄን እያጠባሁ «ምነው ወንድ በሆንሽ» ያልኩበት ቀን አለ። እሷ ምን አደረገች? እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰማንያው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያው ሳል ጣላቸውና አረፉ። ሬሳቸውን የተሸከምነው ሴቶች ነን።

ለልጄ የክርስትና እናት የሆነችው ጎረቤቴ ናት። እኔ መጠየቅ አፍሬ፣ ራሷ ናት የጠየቀችኝ። ከሌላ ደብር የመጡት ቄስ ቤቱን ጠበል ረጩት፤ ማኅበሩም ያን ቀን እኔ ዘንድ ተጠጣ። ልጄን ታቅፋ ገባችና ምድጃው ዳር ተቀመጠች። ውጭ ይዘንባል። ቀና ብላ ጣሪያውን ብዙ አየችው።

«ያፈሳል?» አለችኝ።

«አያፈስም» አልኳት።

«እሰይ» አለችና ልጄን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። እኔ ግን ምነው አንዲት ጠብታ እንኳ ጠብ ባለች ብዬ ተመኘሁ።